ሳፋሪን የረታው አሮጌ ፖርሼ እና “ማኬሌሌው” አሞርዛተር

እ.ኤ.አ በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጥቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲሸጥ ዚነዲን ዚዳን ተናገረው የተባለው ነገር እስከ ዛሬ ከኳስ አፍቃሪው አፍ አልጠፋም። ሞተሩ ተነቅሎ እየሄደ ቤንትሌዩን አንድ ዙር ወርቅ መቀባት ለምን ያስፈልጋል ነበር የነገሩ ፍሬ። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ጋላክቲኮዎቹ በ2003/04 የውድድር ዘመን የመጨረሻዎቹን አምስት የላሊጋ ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፈው አራተኛ ወጡ። ማኬሌሌ ግን ለንደን ላይ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በላይ በላዩ አነሳ።

ዚዳን መካኒክ ስላልሆነ ይቅር ይባላል እንጂ ማኬሌሌ ሞተር አልነበረም። የዚያ ቡድን ሞተር ራሱ ዚዳን፣ ጉልበቱ ሮናልዶ፣ ፍጥነቱ ሮቤርቶ ካርሎስ ነበር። ማኬሌሌ የነሱን ጉልበት ሜዳው ላይ አርግቶ የሚይዝ፣ ከፊት የሚመጣውን ዱላ ሁሉ ዋጥ የሚያደርግ፣ ጎል ሳያገባ የሚያስረታ ሰው ነበር። በመኪና ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ተጫዋች ስም አለው። አሞርዛተር ይባላል!

አሞርዛተርን የሚያወድስ ሰው የለም። የአሮጌ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ጭስ ማውጫ ድምፅና ስለ ቸርኬ ዲዛይን ሲያወሩ ያመሻሉ። ከወንበሩ በታች በአቧራና በጭቃ ተለውሶ የሚውለውን ያን ቱቦ የሚያስታውሱት ዘይቱ ፈስሶ መኪናዋ እንደ ጀልባ መዋለል ስትጀምር ነው። ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚመጣው የፖርሼ 911 ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ ዋንጫው ደጃፍ ላይ ደርሶ የተመለሰው ታላቁ የጀርመን ፋብሪካ ያቃተውን ነገር፣ ከ33 ዓመት በኋላ አንድ የእንግሊዝ ጋራዥና አንድ የ68 ዓመት ሽማግሌ አደረጉት። ጉዳዩ የሞተር ጉዳይ አልነበረም።

በትንሿ ላንሰር የተረታው ፖርሼ

የሳፋሪ ራሊ በ1953 ተወለደ። በዚያን ዘመን የነበረው ሳፋሪ የዛሬው ዓይነት አጭርና የተከለለ ውድድር አይደለም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ መንገድ፣ በቀንም በሌሊትም፣ ወደ 5ሺ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ነበር። ዝናብ ከጣለ ጭቃው እስከ በር ይደርሳል፤ ካልጣለ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ይሰውረዋል። ኮረኮንቹ፣ ጉድጓዱ፣ መንገድ የሚያቋርጠው ከብት ተጨምሮበት ከጀማሪዎቹ ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ናይሮቢ ተመልሰው ይገባሉ። ማሸነፍ ቀርቶ መጨረስ ራሱ እንደ ድል የሚቆጠርበት ውድድር ነበር ማለት ይቻላል።

በ1974 ስዊድናዊው ብዮርን ዋልደጎርድ በፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ መጣ። ይህቺ መኪና በዘመኗ ከጀርመን መንገዶች ፈጣን ከሚባሉት አንዷ ስትሆን 2.7 ሊትር ሞተር ከኋላዋ ተሸክማለች። ዋልደጎርድ ሲመራ ቆየ። በመጨረሻ ግን የኋላውን ጎማ የሚይዘው የሰስፔንሽን ክንድ ተሰበረና ጊዜ ባከነ። ያሸነፈው ማን ነው? ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ፣ በ1600 ሲሲ ሚትሱቢሺ ላንሰር! ለኳስ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን የመጣ ቡድን በርናባው ላይ ገብቶ ሦስት ነጥብ ይዞ እንደመውጣት ነው። ፖርሼ ሁለተኛ ሆኖ ፈጸመ።

ፋብሪካው ቂሙን አልረሳም። በ1978 ሁለት 911 ኤስሲ መኪኖችን በማርቲኒ ቀለም አስውቦ ላከ። ሞተሩ 3 ሊትር፣ ጉልበቱ 250 ፈረስ፣ ከመሬት ያላት ከፍታ ደግሞ 28 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከስፖርት መኪና ይልቅ ወደ ላንድሮቨር የሚጠጋ ከፍታ ነው። ከሆዷ ስር የአሉሚኒየም ጋሻ ተበጅቶላታል። አንዷን ዋልደጎርድ፣ ሌላዋን የኬንያው ልጅ ቪክ ፕሬስተን ጁኒየር ያዙ። የሆነው ሆኖ ፕሬስተን ሁለተኛ፣ ዋልደጎርድ አራተኛ ወጡና ዋንጫውን ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ኒኮላ በፔጆ 504 ኩፔ ወሰደው። የፖርሼ ፋብሪካ ሳፋሪ ራሊን ሳያሸንፍ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ፔጆ አንድ ነገር ማንሳት ግድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ፔጆ 504ን በደንብ ያውቃታል፤ በደርግ ዘመን የባለሥልጣን መኪና ነበረች። ቀደም ብሎ ፔጆ 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳፋሪን አሸንፋለች። በ1975 ደግሞ ስዊድናዊው ኦቬ አንደርሰን በ504 ደገመው። እነዚህ ፔጆዎች ፈጣን ሆነው አይደለም። ሰስፔንሽናቸው ረጅም መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዝ፣ ሞላቸው ለስላሳ፣ አሞርዛተራቸው ደግሞ ፔጆ ከሌላ ሳይገዛ በራሱ ፋብሪካ የሚሠራው ነበር። አፍሪካ ውስጥ ታክሲ ነጂው፣ ነጋዴውና የራሊ ሾፌሩ አንድ ዓይነት መኪና የመረጡበት ምክንያት ያው ይኸው ነው።

ዱላውን የሚውጠው ማን ነው?

ብዙ ሰው አሞርዛተር መኪናን የሚሸከም ይመስለዋል። አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው (ወይም ባሌስትራው) ነው። ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቅና የጠጣውን ጉልበት መልሶ ይተፋል። ከዚያ እንደገና ይጨመቃል፣ እንደገና ይተፋል። የሚያቆመው ከሌለ መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። አሞርዛተሩ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ። ፒስተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ለማለፍ ይገደዳል፤ ሞላው የተፋው ጉልበት በዚያ ግፊያ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ለዚህ ነው ከኮረኮንች ጉዞ በኋላ አሞርዛተር የነካ ሰው እጁ የሚቃጠለው።

የአሮጌ መኪኖች ችግር የሚጀምረው ከዚህ ሙቀት ነው። የቀድሞዎቹ አሞርዛተሮች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ቱቦ ናቸው። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ፣ በመካከላቸው ትርፍ ዘይትና አየር ይኖራል። ለአስፋልት ጥሩ ናቸው። መንገዱ ሲከፋና ፒስተኑ ሲፈጥን ግን አየሩና ዘይቱ ይቀላቀሉና ዘይቱ አረፋ ያወጣል። አረፋ ደግሞ ተቃውሞ የለውም፤ ፒስተኑ በባዶ እንደመመላለስ ነው። ሾፌሩ ጠዋት የነበረውን መኪና ከሰዓት በኋላ ያጣዋል። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ የከዳው አማካይ ያለበት ቡድን ሲጫወት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያን ጊዜ አሞርዛተሩ ያልዋጠው ዱላ ሁሉ የሚያርፈው ክንዱ፣ ጎሚኒውና ቦዲው ላይ ነው።

መፍትሔውን ያገኘው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ቱቦ ጣለው፣ አንድ ወፍራም ቱቦ ብቻ አስቀረ፣ በቱቦው ጫፍ ናይትሮጂን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሞላና ዘይቱን ከጋዙ በሚንሳፈፍ ሌላ ፒስተን ለየው። ግፊቱ ከ25 እስከ 30 ባር ይደርሳል። የተለመደ የቤት መኪና ጎማ ወደ 2 ባር ገደማ የሚነፋ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ከአስር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ዘይቱ እንዲህ ታፍኖ ስለተያዘ አረፋ ለማውጣት ዕድል የለውም፤ ቱቦውም አንድ ግድግዳ ብቻ ስላለው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ንፋሱ ይሰጣል። ይህንን አሞርዛተር በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ በብዛት ማምረት የጀመረው የጀርመኑ ቢልስታይን ነው። ኩባንያው በ1873 ሲመሠረት የመስኮት ዕቃ የሚሠራ ነበር ቢባል ማን ያምናል? የ1973ቱ ካሬራ አርኤስ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላትም የቢልስታይን ነው።

ሌላው ታላቅ ስም የሆላንዱ ኮኒ ነው። የኮኒ ዝና ከጋዝ ይልቅ ከማስተካከያው የመጣ ነው። አሞርዛተሩ ሲዘረጋ የሚያሳየውን ተቃውሞ ባለቤቱ እንደፈለገ ማጥበቅና ማላላት ይችላል። የቆየው ዓይነት ለማስተካከል ከመኪናው መፈታት፣ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ተመልሶ መገጠም አለበት። አሰልቺ ነው። ሆኖም አሞርዛተሩ እየደከመ ሲሄድ ትንሽ አጥብቆ ዕድሜ መጨመር ስለሚቻል የአሮጌ መኪና ወዳጆች አይለቁትም። ቢልስታይን ወይስ ኮኒ የሚለው ክርክር በ911 ባለቤቶች ዘንድ የጊዮርጊስና የቡናን ያህል የጦፈ ነው፤ ማለቂያም የለውም።

ጭራዋን የምትወረውር መኪና

911 ከሌሎች መኪኖች የባሰ የአሞርዛተር ነገር የሚያስጨንቃት ለምንድን ነው? ሞተሯ ያለው ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ስለሆነ ነው። ክብደቷ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ሾፌሩ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ከደነገጠና እግሩን ከነዳጅ ላይ ድንገት ካነሳ ጭራዋ ሊቀድመው ይፈልጋል። ፖርሼ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አፍንጫዋን ለማክበድ ብሎ ከፊት ፓራውልት ውስጥ የብረት ክብደት እስከመደበቅ ደርሷል። ለስፖርት መኪና ሆን ብሎ ክብደት መጨመር! በኋላ በ1969 ሞዴል ላይ የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገፍቶ ነገሩን አሻሻለው።

በተጨማሪም እስከ 1989 ድረስ የተመረቱት 911ዎች ጥምዝምዝ ሞላ የላቸውም። ቶርሽን ባር የሚባል፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው የሚሸከማቸው። ስለዚህ አሮጌ 911ን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው እንደሌላው መኪና ሞላና አሞርዛተርን አንድ ላይ ገዝቶ የሚቀይርበት ዕድል ጠባብ ነው። ዘንጉ ለብቻ፣ አሞርዛተሩ ለብቻ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ውድና ጠንካራ አሞርዛተር ገዝተው የ40 ዓመት ለስላሳ ዘንግ ላይ ይገጥማሉ። አሞርዛተሩ ጉድጓድ ውስጥ የገባውን ጎማ ቶሎ እንዲመለስ አይፈቅድለትም። ቀጣዩ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ገና ወደ ታች አልወረደም። በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እያለ መኪናዋ ወደ መሬት ትሰምጥና በመጨረሻ የምትሄደው በማቆሚያው ላስቲክ ላይ ነው። ባለቤቱ ግን “ስፖርት ሆነች” ብሎ ይደሰታል። የሆነችው ጋሪ ነው።

ጠንካራ ማለት ፈጣን ማለት አይደለም። አንድ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ስፋት ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ 250 ፈረሱም የሚሠሩት በእነዚያ አራት መዳፎች ነው። ድርቅ ያለ መኪና ኮረኮንች ላይ ጎማው በአየር ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበዛል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይነዳም፣ አይቆምም፣ አይታጠፍም። ጥሩ የራሊ አሞርዛተር ሲጨመቅ እሺ ባይ፣ ሲዘረጋ ቆጣቢ፣ መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ ደግሞ እንደ ግንብ የሚጠነክር ነው። ይህን ለማግኘት የሚጠፋው ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ዝም ብሎ ለመንገድ አሮጌ ስፖርት መኪናውን ማደስ የሚፈልግ ሰውም ቢሆን ከሳፋሪ የሚወስደው አለ። አሞርዛተር ሲቀየር በአንድ ወገን ብቻ አይቀየርም፤ ግራና ቀኙ አብረው ነው፤ አለበለዚያ መኪናዋ ፍሬን ላይ አንድ ጎን ትስባለች። የደረቀ ጎሚኒ ላይ አዲስ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ በቅድሚያ መውጣት ያለበት እሱ ነው። መኪናዋን ዝቅ ማድረግ የሚወድ ሰው አሞርዛተሩም ለዚያ ቁመት የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ሥራው ሲያልቅ አላይመንት የግድ ነው። የፊቱን መከላከያ በእጅ ተጭኖ ስንት ጊዜ ትነጥራለች ብሎ መቁጠር የሚባለው የድሮ ምርመራ ደግሞ የሞተውን ከሕያው ይለይ እንደሆነ እንጂ የደከመውን አይናገርም። ከሱ ይልቅ በቱቦው ላይ የወረደ ዘይትና እየተሸራረፈ የተበላ የጎማ ጥርስ እውነቱን ያወጣሉ።

የሽማግሌው ዕዳ

ወደ ዋልደጎርድ እንመለስ። ሰውየው ሳፋሪን አላጣም። በ1977 በፎርድ ኤስኮርት፣ በ1984፣ በ1986 እና በ1990 በቶዮታ ሴሊካ አራት ጊዜ አሸንፏል። በ1979 ደግሞ በታሪክ የመጀመሪያው የዓለም ራሊ የሾፌሮች ሻምፒዮን ሆኗል። የ1990ው ድል ሲመጣ ዕድሜው 46 ነበር። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድርን ያሸነፈ አዛውንት ተብሎ የያዘው ክብረ ወሰን ለ32 ዓመት ያህል ቆይቶ በ2022 በሞንቴ ካርሎ የወደቀው በሴባስቲያን ሎብ ነው። ይሁንና በፖርሼ፣ በኬንያ ምድር የቀረበት ነገር ነበር።

ዕድሉ የመጣው በኢስት አፍሪካን ሳፋሪ ክላሲክ ነው። ይህ ከዋናው ሳፋሪ ራሊ የተለየ፣ በ2003 የተጀመረና የድሮ መኪኖች ብቻ የሚሳተፉበት ውድድር ሲሆን በኬንያና በታንዛኒያ ኮረኮንቾች ላይ ለቀናት ይጓዛል። ዋልደጎርድ በ2007 በኤስኮርት አሸንፎት ነበር። በ2011 ግን በእንግሊዝ ኦክስፎርድሻየር የሚገኘው የቱትሂል ጋራዥ ያዘጋጀውን ፖርሼ 911 ይዞ ቀረበ። ረዳቱ የራሱ ልጅ ማቲያስ ነበር።

መኪናዋ ከሩቅ ላያት የ1978ቷ ናት። ያው ቅርፅ፣ ያው ከኋላ የተንጠለጠለ ሞተር፣ ያው ከፍ ያለ ቁመና። የዘመኑ ዕውቀት የገባው ከማይታየው ቦታ ነው። የዛሬ የራሊ አሞርዛተር ዘይቱን በተለየ ዕቃ አስቀምጦ ያቀዘቅዛል፣ ሲጨመቅና ሲዘረጋ የሚያሳየው ተቃውሞ ለየብቻ ይስተካከላል፣ መኪናዋ ከዝላይ ስታርፍ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች በዘይት ግፊት ይለዝባሉ። በ1974 እንዲህ ያለ ዕቃ አልነበረም። ያኔ ሾፌሩ ጉድጓድ ሲያይ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ ፍሬን ይዞ ደቂቃ ማጣት፣ ወይ ክንዱን ማስሰበር። በዚህኛው ጊዜ በጉድጓዱ ላይ ማለፍ ይቻላል። ለ68 ዓመት ሰው ወገብም ትልቅ ነገር ነው። ውድድሩ ቀኑን ሙሉ፣ ቀን በቀን ሲሆን ደካማ አሞርዛተር ከመኪናው በፊት የሚያደቀው ሾፌሩን ነው።

አባትና ልጅ አሸነፉ። ከእነሱ ያነሰ ዕድሜ ያላቸውን፣ ከእነሱ የበለጠ ጉልበት ያለው መኪና የያዙትን ኋላ ትተው በፖርሼ 911 ዋንጫውን አነሱ። ከፕሬስተንና ከዋልደጎርድ የ1978 ሁለተኛና አራተኛ በኋላ 33 ዓመት መሆኑ ነው።

እርግጥ ነው ጉልበትም ሲመቸው ያሸንፋል። በ2013 ኬንያዊው ኢያን ደንካን በቪ8 ሞተር ፎርድ ካፕሪ ክላሲኩን ወስዶታል። ያም ቢሆን ደንካን መንገዱን እንደ ሰፈሩ የሚያውቅ ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ የት ጋ ማዝገም እንዳለበት የሚያውቅ ሾፌር ደግሞ ለመኪናው ግማሽ አሞርዛተር ነው።

ብዮርን ዋልደጎርድ በነሐሴ 2014 በ70 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት ክላሲኩ ሲመለስ ከቱትሂል ፖርሼዎች አንዷን ይዞ የቀረበው የአገሩ ልጅ፣ የ1984ቱ የዓለም ሻምፒዮን ስቲግ ብሎምክቪስት ነበር። ዕድሜው 69። አሸነፈ።